ወለሉን አሽትቺልኝ

ሥራዬን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር። ባለቤቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው» ብላ ታልፈዋለች፤ እኔም ብዙ ስላልተሳሳተች አላርማትም። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ደመወዝ የሚከፈለኝ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነበር። በቆርቆሮ ፈሳሽ ሆኖ መጥቶ ሲሚንቶ ላይ የሚፈሰውና እዚያው ደርቆ የሚቀረው ኢፖክሲ ወለል ነው ወይስ ቀለም?

ቀልድ ይመስላል፤ መጀመሪያ ሲነግሩኝ እኔም ስቄአለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ «አረንጓዴ ሕንፃ» የሚባለው ነገር ሲመጣ ግን ጥያቄው ብዙ የሚወስን ሆነ። አረንጓዴ ማለት ቀለሙ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ግራጫ ናቸው። ሕንፃው ውስጥ የገባው ዕቃ ሁሉ፣ ማጣበቂያው፣ ቀለሙ፣ ኮርኒሱ፣ ወለሉ፣ ሰው በሚተነፍሰው አየር ላይ የሚለቀው ኬሚካል ከተወሰነ ልክ በታች መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ዕቃው «ወለል» ተብሎ ከተመደበ ፋብሪካው የላከው የላቦራቶሪ ውጤት ይበቃል፤ የደረቀ ናሙና ሳጥን ውስጥ ዘግተው የሚለቀውን ለክተው ልከዋል። «ቀለም» ተብሎ ከተመደበ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል። ሲቀባ ውስጡ ምን ነበረ? ቀቢው እንዲቀጥንለት ሥራው ቦታ ላይ የጨመረው ቲነር እንኳ ይቆጠራል። እንግዲህ አንደኛው ምድብ ፋብሪካውን ብቻ ይጠይቃል፣ ሌላው ቀቢውንም ይጠይቃል።

አሁን ምድቡን የሚሰጠው ኮምፒውተር ነው። የምርቱን ስም ሲያስገቡለት ወዲያው ይጽፈዋል። የቢሮአችን ኃላፊ ኢንጂነር ሰላማዊት ይህን ስትነግረኝ እንዳይከፋኝ ብላ ነገሩን ብዙ አዞረችው። አልከፋኝም። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ የቀረኝ ጥቂት ወር ነበር፤ ማሽኑም ከኔ ያነሰ እንደሚሳሳት አልጠራጠርም። ይህን የምጽፈው የሠራሁት አንድ ስሕተት ማሽኑ ውስጥ ስላልተመዘገበ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በባቡሩ ጥገና ቤት፣ እኛ ድሬዎች አትልዬ በምንለው፣ ፉርጎ የሚቀባበት ክፍል ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የክፍሉ አለቃ አብዱ ይባላል፤ ፈረንጆቹ ሲሄዱ ማዕረጋቸው ለእሱ የቀረ ይመስል ሰው ሁሉ «ሙሴ አብዱ» ይለዋል። አጭርና ቀጭን ሰው ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቱታውን አውልቆ ሽርጥ ያገለድምና ፉርጎ ሥር ጥላ ይዞ ይቀመጣል። ስለ ቀለም የማውቀው ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው። አንድም ቀን ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ሲሠራ እያየሁ ነው የያዝኩት።

ሲያማስል አይቸኩልም። በጠፍጣፋ እንጨት ቀለሙን ከሥር ወደ ላይ ያወጣና እንጨቱን አንሥቶ አወራረዱን ያያል። እየተቆረጠ ከተንጠባጠበ ገና ነው፤ እንደ ክር ሳይበጠስ ከወረደ ደርሷል። ቀጥሎ አንድ ጠብታ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያሳርፍና እጁን አዘንብሎ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይመለከታል። ብረቱን በእጁ ጀርባ ነክቶ ካልወደደው «ይኼ ፉርጎ ትኩሳት አለው፣ ተዉት» ይላል፤ በዚያን ቀን ያንን ፉርጎ የሚነካ የለም። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ነበር። ቀለም የሚቀባው በጠዋት ነው፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ የሚቀባ ሰው ሲያይ የተሰደበ ያህል ይከፋው ነበር።

ሁለት ልማዶቹ ግን አይገቡኝም ነበር። አንደኛው ባዶ ቆርቆሮ መቁጠሩ ነው። ሥራ ሲያልቅ ባዶዎቹን ግድግዳ ሥር አፋቸውን አስደፍቶ ያስደረድራል፤ የቀለሙን ለብቻ፣ የቲነሩን ለብቻ። ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ሙሴ፣ የስቶሩ ደረሰኝ እኮ አለ» አልኩት።

«ዋርያ፣ ስቶር የሰጠህን አልጠየቅኩህም» አለኝ። «ፉርጎው የጠጣውን ነው የምጠይቅህ።»

ቁጥሩ ከጎደለ ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ይወርዳል። ድሬ ውስጥ ባዶ ቆርቆሮ ተጥሎ አያድርም፤ ዛሬ የወጣው ነገ ገበያ ላይ ታጥቦ ይገኛል፣ እህል መያዣ ወይም ውሃ መቅጃ ይሆናል። ሙሴ አብዱ ባዶ ዕቃ የሚሸጡትን ሴቶች በስም ያውቃቸዋል። ከአንዷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሌላዋ ጋር በሶማልኛ እየተጫወተ የእኛን ቆርቆሮ ለይቶ ይቆጥርና ሳይነካ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት የጎደለው ቁጥር ግድግዳው ላይ ተጨምሮ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ማሽተት ነው። ቆርቆሮ በተከፈተ ቁጥር «ና እስቲ አሽትትልኝ» ይለኛል። አጎንብሼ አሸትና «ደህና ነው»፣ «ተበላሽቷል»፣ «ቲነር በዝቶበታል» እለዋለሁ። እሱ ራሱ አፍንጫውን ወደ ቆርቆሮ ሲያስጠጋ አይቼው አላውቅም። አለቃ ስለሆነ ለራሱ ሳንባ ሳስቶ በኔ ይጫወታል ብዬ ለዓመታት ቂም ይዤበት ነበር። ጡረታ ወጥቶ ሲሸኝ እንኳ ከልቤ አላቀፍኩትም።

የድሮው ባቡር ሲዳከም እኔም ወጣሁ። ጥቂት ዓመት ከሥራ ተቋራጭ ጋር መጋዘን ቀባሁ፣ ኢፖክሲ ማፍሰስም እዚያ ተማርኩ። ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ አንደኛው ሙጫው፣ ሌላው ማድረቂያው። ከተደባለቁ በኋላ ባልዲው ውስጥ እርስ በርሳቸው መጋል ይጀምራሉ፤ ድሬ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ያግዛቸዋል። ባለ ሚስማር ጫማ አድርገህ ፈሳሹ ላይ ትሄዳለህ፣ ባለ እሾህ ሮለር እየገፋህ አረፋውን ታፈነዳለህ። ከዘገየህ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ከዚያ አማካሪ ቢሮው ቀለም የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ተቀጠርኩ። ደመወዙ የተሻለ ነበር፣ ጥላም ነበረው። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ኢንጂነር ሰላማዊት ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ፈጣን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ድሬ ትልቁም ትንሹም «አንተ» እየተባባለ በሚኖርበት ከተማ እኔን «እርስዎ» የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች። ፋይል ስትሰጠኝ የምትጠይቀኝ «መቼ ያልቃል?» ብቻ ነው። እኔም ቶሎ መጨረስ ለመድኩ። ሸሚዝ ለባሽ ሆኜ ወረቀት ሳገላብጥ ስውል ግድግዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ የድሮ ሰው ሥራ መሰለኝ።

የመድኃኒት መጋዘኑ ፋይል የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። መጋዘኑ ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው፣ ቀን ከሌት በማሽን የሚቀዘቅዝ የግል ሕንፃ ነበር። ወለሉ ሦስት ሚሊ ሜትር ኢፖክሲ ነው። መመሪያው በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረውም፤ በአንድ ገጽ ወለል የሚያስመስል፣ በሌላው ቀለም የሚያስመስል ሐረግ ነበረው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሰው ይረግጠዋል፣ ጋሪ ይገፋበታል፣ ይወፍራል። ቀለም ላይ ጋሪ የሚገፋ ማን ነው? ብዬ «ወለል» ብዬ ጻፍኩ። የፋብሪካው የላቦራቶሪ ውጤት ንጹሕ ስለነበር ፋይሉ በሳምንቱ ተዘጋ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ሻይ እንኳ አልጋበዘኝም። ቀላሉን መንገድ የመረጥኩት በገዛ ፈቃዴ ነው።

ሳልፈርም ቦታው ድረስ ሄጄ ነበር። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። ከሕንፃው ጀርባ ዞርኩ፤ ግቢው ተጠርጎ አንድ ባዶ ቆርቆሮ እንኳ አይታይበትም። ለቀቢዎቹ አለቃ ለጀማል «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሳይት አይቼ አላውቅም» አልኩት። ደስ አለው። እኔም ደስ እንዳለኝ ተመለስኩ፤ ባዶ ቆርቆሮ በማይታይበት ሳይት ደስ ይለኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ደወለልኝ። ፋይዛ የምትባል ስቶር ኪፐር አለችው፤ ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ ውስጥ የምትውለው እሷ ናት። ወለሉ ይሸታል፣ ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል እያለች በሩን ከፍታ ትተወዋለች። በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ይወጣል፣ መድኃኒቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፎላታል። «ሥራ ለመሸሽ ነው» አለኝ። «ወረቀቱን የፈረምከው አንተ ነህ፤ መጥተህ ፊት ለፊቷ ንገርልኝ።»

ሄድኩ። ፋይዛ ሠላሳ አምስት ገደማ የሚሆናት፣ ሰማያዊ ሂጃብ ያደረገች ቀጠን ያለች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ መሆኑን አስቀድሜ ሰምቼ ነበር። ሦስታችን ውስጥ ገባንና በሩን ዘጋነው። ወዲህ ወዲያ ተንጎራደድኩ፣ በረጅሙ ተነፈስኩ።

«ምንም አይሸትም» አልኩ።

«ወላሂ?» አለችኝ።

«ምንም። ላቦራቶሪውም ያለው ይኼንኑ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። እሷ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር፤ እኔ የንዴት መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዐርብ ከሰዓት በፊት ቢሮ መጣች። እጇ ላይ ሦስተኛው ደብዳቤ አለ። ሐሰተኛ ምክንያት እየፈጠረች ሥራ በማስተጓጎሏ እስከ ሰኞ ጠዋት በጽሑፍ መልስ ካልሰጠች ከሥራ ትሰናበታለች ይላል። ማስረጃ ተብሎ ከሥሩ የተያያዘው የኔ ወረቀት ነው፤ ፊርማዬ ከርቀት ይታያል። ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጣ ደብዳቤውን በአንድ እጇ ሰጠችኝ፣ በሌላው መሐረብ ይዛለች። በዚህ መካከል የቢሮው ጸሐፊ ከወዲያ ማዶ ቀና አለችና «ኧረ እህቴ፣ ምን ዓይነት ሽቶ ነው? ቤቱን ሞላሽው እኮ!» አለች።

ፋይዛ ወደሷ አልዞረችም። መሐረቡን ወደ ፊቴ አስጠጋችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድነው?»

«መሐረብ ነው።»

«መሐረብ ብቻ?»

መሐረቡ በዓረብ ሽቶ ተነክሮ ነበር፤ ጥግ ላይ ያለው ፖስተኛ ሳይቀር ዞሮ እያየን ነው። እኔ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም።

«ያን ቀን በር ላይ የመድኃኒት አልኮል ፈስሶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሥራ አስኪያጁ እንኳ አፍንጫውን ያዘ፤ ውስጥ የሸተተውንም በአልኮሉ አመካኘ። አንተ አልፈኸው ገባህ። አቦ፣ እኔ ውሸታም አይደለሁም። ያንተ አፍንጫ ነው የሞተው።»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። የማላውቀው ነገር ቢሆን ይሻል ነበር። ቤት ውስጥ ወጥ ሲያር የምሰማው ባለቤቴ ስትጮህ ነው፤ ስንት ዓመት «ጉንፋን ይዞኝ ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ። ሃያ ዓመት ቲነር የተነፈሰ አፍንጫ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? እዚያው ወንበሬ ላይ ሙሴ አብዱ ትዝ አለኝ። ያ ሰው ለሳንባው ሳስቶ አልነበረም። አፍንጫው ከኔ በፊት ሞቶበት፣ ያንን አውቆ፣ የማይሰማውን በቁጥር ይተካ ነበር፤ ማሽተቱን ደግሞ ከሚችል ሰው ይለምን ነበር። እኔ ልማዱን በጉልምስናዬ ጣልኩት፣ ምክንያቱን ደግሞ ጠይቄው አላውቅም። ሙሴ አብዱ ከሞተ ቆይቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ቀፊራ ወረድኩ። ባዶ ዕቃ ከሚሸጡት መካከል አንዲት እናት፣ አዴ ሀሊማ፣ ከጀሪካኖቹ ጀርባ አራት ማዕዘን የቲነር ቆርቆሮዎች ደርድረዋል። ከየት እንደመጡ ጠየቅኳቸው።

«ከመድኃኒቱ ቤት ነው አቦ፣ ያ አዲሱ» አሉ። «አሥራ ዘጠኝ ገዛሁ። አምስቱ ይኸው ተቀመጡብኝ። ስንቴ አጠብኩት፤ ሰው ያነሣውና አሽትቶ ይተወዋል።»

የኢፖክሲው መመሪያ ቲነር የሚፈቅደው ዕቃ ለማጠብ ብቻ ነው፤ ለዚያ ሁለት ቆርቆሮ ይበዛል። አንዱን ገዝቼ ጀማል ቤት ሄድኩ። ሲያየው አልካደም።

«ጋሼ፣ ሙቀቱን ታውቀዋለህ» አለ። «ባልዲው ውስጥ እየጠጠረብን ነው። ረፋዱ ላይ እናቁም ብንል የማስረከቢያው ቀን አልቋል ተባልን። ምን እናድርግ? እንዲላላ ጨመርንበት። ደሞ ማን ጠየቀን?»

ማንም አልጠየቃቸውም። እንዲጠየቁ የሚያደርገውን ምድብ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ቲነሩ ከወፍራሙ ሙጫ ሥር ተቀብሮ ቀርቶ፣ በተዘጋው ክፍል ቀስ እያለ ሲወጣ ፋይዛ ናት የተነፈሰችው።

እሑድ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ምድቡን ወደ ቀለም ለወጥኩ፣ ቲነሩን በቁጥር አስገባሁ፣ የፊተኛውን ማረጋገጫ መሻሬን ገለጽኩ፣ ማሽተት እንደማልችልም በአንድ መስመር ጨመርኩ። ኢንጂነር ሰላማዊት ሰኞ በጠዋት አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይህ ከወጣ ደንበኛው አብሮን አይቆይም» አለች። «የእርስዎም ፊርማ ይታገዳል።»

«እስከ ሦስት ሰዓት መድረስ አለበት» አልኳት።

ፈረመችበት። እኔም ይዤ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ፋይዛ ባለችበት እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበብኩለት። ሦስቱን ደብዳቤዎች ሰረዘላት። አላመሰገነችኝም፤ የሚያስመሰግነኝ ነገርም አልነበረም። ደንበኛው እንደተባለው ሌላ ቢሮ ሄደ። እኔ ግማሽ ዓመት ያህል ፋይል ስደረድር ከረምኩ።

መድኃኒቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ወለሉ ተፋቀ። አዲሱ የፈሰሰው ሙቀቱ በሚቀልበት ወራት፣ ከንጋት እስከ ረፋድ ብቻ ነው፤ ጀማል ራሱ ሰዓት ይዞ ያስቆማቸው ነበር። ፊርማዬ ተመልሶልኝ ሥራውን እንድከታተል ስለተላክሁ ባዶዎቹን ግድግዳ ሥር አስደፍቼ አስደረደርኩ፣ ቁጥሩን በጠመኔ ጻፍኩ። ቀቢዎቹ ሲስቁብኝ ሰምቻለሁ። ወለሉ ከደረቀ በኋላ የክፍሉ አየር ተለክቶ ውጤቱ ከልክ በታች ሆኖ መጣ። የቀረው የኔ ፊርማ ነበር።

መጋዘኑ ገና ባዶ ነው። ፋይዛ በሩ ላይ ቁልፍ ይዛ ቆማለች።

«ፋይዛ፣ አሽትቺልኝ» አልኳት።

ጥቂት አየችኝና ገባች፣ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ስትወጣ «ነገ ና» አለች። በማግስቱ ሄድኩ፤ ገብታ ቆይታ ወጣችና «ነገ ና» አለች። ሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ኢንጂነር ሰላማዊት ደውላ የላቦራቶሪው ወረቀት እጃችን ላይ እያለ ምን እንደምንጠብቅ ጠየቀችኝ። ስቶር ኪፐሯን እየጠበቅኩ ነው አልኳት።

በአራተኛው ቀን ፋይዛ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ውስጥ ቆየች። ስትወጣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ዛሬ ሽታ የለም» አለች። ወረቀቱን ሳወጣ ግን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «እውነቴን መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኳት፤ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩ።